የአክስት ምክር

የመጽሔቱ አዘጋጆች «ታሪክ ነክ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ የጠበቁት ስለ ፋኩልቲያችን አመሠራረት ወይም ስለ ድሮ መምህሮቻችን እንደነበር አውቃለሁ። እሱን ከእኔ የተሻለ የሚጽፉ አሉ። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ የፍቅር ልቦለድ ታሪክ ነው። የባቼ ልጆች፣ አትሳቁ። ኢንተርን በነበርንበት ዓመት ዲዩቲ ክፍል ፍራሽ ሥር የሚደበቀው፣ ሽፋኑ የተገነጠለው መጽሐፍ ትዝ ይላችኋል? ወንዶቹ ሳይቀሩ «ለእንግሊዝኛዬ ነው» እያሉ ተራ ይዘው ያነበቡት? እሱ ነው።

መጽሐፉ የጄን ኦስተን «ፐርስዌዥን» ነው፤ ማግባባት፣ ማሳመን እንደማለት። (ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል፤ የተለያዩ ፍቅረኞች ከዓመታት በኋላ ይገናኛሉ፣ ቤተሰብ በማያገባው እየገባ ያስቃል፣ መጨረሻው ሠርግ ነው። ከዚህ ዘርፍ ብዙው ከኦስተን የተበደረ ነው። ሔለን ፊልዲንግም በ1999 የብሪጅት ጆንስን ሁለተኛ መጽሐፍ ስታወጣ የታሪኩን አጥንት የወሰደችው ከዚሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አን ኤልየት በ19 ዓመቷ ዌንትዎርዝ ለሚባል፣ ገንዘብም ትልቅ ዘመድም ለሌለው የባሕር ኃይል መኮንን ቃል ገባች። አባቷ ናቀው። እናቷ ሞታለችና እንደ እናት የምታያት የቤተሰቡ ወዳጅ ሌዲ ራስል፣ ይሄ ሰው የሚጨበጥ ነገር የለውም፣ ዕድሜሽን በመጠበቅ አትጨርሺው ብላ መከረቻት። አን ሰማቻት፤ ተወችው። ከስምንት ዓመት በኋላ ሰውየው ካፒቴን ሆኖ፣ 25,000 ፓውንድ ይዞ ከች አለ። እሷ 27 ሞልቷታል፤ በዚያ ዘመን ሚዛን ያለፈባት ናት።

ቤተሰቡስ? አባትየው ሰር ዋልተር ለደስታው የሚያነበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የመኳንንቱ የትውልድ መዝገብ። እሱንም የሚከፍተው የራሱ ስም ያለበት ገጽ ላይ ነው። የባሕር ኃይልን የሚጠላበት ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛ ዘር የሌለውን ሰው ለማዕረግ ያበቃል፣ ሁለተኛ የሰው ፊት ያበላሻል። ዕዳ አንቆት ቤቱን ለአንድ አድሚራል ሲያከራይ፣ አድሚራሉ ገብቶ መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ከመልበሻ ክፍሉ ትልልቆቹን መስታወቶች ማስወጣት ነበር። ፊታውራሪ መሸሻን ለሚያውቅ አንባቢ ይሄ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር የጠፋባቸው እኚያው ሰው መጀመሪያ በደንብ ያስቁናል፤ ከዚያ ነው ወዴት እየወሰዱን እንደሆነ የሚገባን። ኦስተን በተመሳሳይ አባት ጀምራ ወደ ሠርግ ትሄዳለች።

ታናሽ እህቷ ሜሪ ደግሞ ለእኛ ለሐኪሞች የተጻፈች ናት። ብቻዋን ስትሆን ትታመማለች፤ እንግዳ ሲመጣ ወይም ግብዣ ሲጠራት ይሻላታል። የጉሮሮዋ ሕመም ከማንም ሰው የጉሮሮ ሕመም ይብሳል። የሜሪን ካርድ ያልያዘ የኦፒዲ ሐኪም ካለ እጁን ያውጣ።

ላይም በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሉዊዛ የምትባለው ልጅ ከግንቡ ደረጃ ዘልላ ስትወድቅ የሚሆነውን ደግሞ አሁን ለማስተምራቸው ተማሪዎች ባስነብበው ደስ ይለኛል። ልጅቷ ራሷን ስታለች። አንዷ ትጮኻለች፣ አንዷ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች፣ ጦርነት ያየው ካፒቴን ግድግዳ ተደግፎ የሚረዳው ይፈልጋል። አን ብቻ ናት «ቀዶ ሐኪም ጥሩ» የምትለው። ዌንትዎርዝ ሊሮጥ ሲነሳም የሚሄደው ከተማውን የሚያውቀው ሰው እንዲሆን ታደርጋለች። በዚያ ሰዓት ማን ምን እንደሚያውቅ ማስታወስ ቀላል እንዳልሆነ ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ዲዩቲ ክፍል ውስጥ ሳነበው ያላወቅኩት ግን ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ታሪክ ነው። ያወቅኩት አምና የኦስተንን ደብዳቤዎች ሳነብ ነው። በኖቬምበር 1814 ፋኒ ናይት የምትባል የ21 ዓመት የወንድሟ ልጅ ስለ አንድ ጠያቂዋ አክስቷን ምክር ጠየቀች። ኦስተን በመጀመሪያው ደብዳቤ ልጁን ስታመሰግን ቆይታ፣ እዚያው ላይ ደግሞ ካልወደድሽው አታግቢው አለች። በወሩ መጨረሻ በጻፈችው ግን ሐሳቧ ከበዳት። ልጁ ራሱን እስኪችል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ፣ በቃል መታሰሩ ይጎዳሻል ትላለች። ወዲያውም ምክሬን ይህን ያህል መያዝሽ አስፈርቶኛል፣ የራስሽን ልብ ብቻ ስሚ ብላ ትለምናታለች። እንዴ! ይሄ እኮ የሌዲ ራስል ክርክር ነው። ፋኒ ያንን ልጅ አላገባችም፤ በ1820 ልጆች ያሉትን ሚስቱ የሞተችበት ሰው አገባች። ኦስተን «ፐርስዌዥን»ን የጀመረችው ከዚያ ደብዳቤ ስምንት ወር አለፍ ብሎ፣ ኦገስት 8 ቀን 1815 ነው። አንዱ ሌላውን ወለደው ብዬ አልምልም። ግን ምክር ሰጪዋን እንደ ክፉ ሴት ያልሳለቻት ለምን እንደሆነ ከዚያ ወዲህ አልገረመኝም።

መጨረሻውንም ሁለቴ ነው የጻፈችው። በመጀመሪያው አድሚራሉ፣ አን ዘመዷን ልታገባ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ቤቱን እንልቀቅላችሁ ወይ ብሎ እንዲጠይቃት ዌንትዎርዝን ይልከዋል። ምስኪኑ ሰው የገዛ ፍቅረኛውን «ልታገቢ ነው ወይ» ብሎ ለመጠየቅ መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። ታስቃለች። ኦስተን ጁላይ 18 ቀን 1816 ብላ ቀን ጽፋ ዘጋችው፤ ግን አልወደደችውም። በአዲሱ ማንም ማንንም አይልክም። ባዝ ከተማ ሰው የሞላበት የሆቴል ክፍል ውስጥ አን ከሌላ ሰው ጋር ቶሎ የሚረሳው ወንድ ነው ሴት እያለች ስትከራከር ዌንትዎርዝ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ እዚያው ደብዳቤ ይጽፍላታል። ያ ጣልቃ ገብ ዘመድ ሁሉ ወጣ ገባ እያለ ምንም አያይም። ኦገስት 6 ቀን ጨረሰችው። የተጣሉት ምዕራፎች ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ አሉ፤ ከታተሙት ሙሉ ልቦለዶቿ በእጅ ጽሑፏ የተረፉት እነዚያ ገጾች ብቻ ናቸው።

ያንን ቀን ከጻፈች ልክ በዓመቱ፣ ጁላይ 18 ቀን 1817፣ ዊንቸስተር ውስጥ በ41 ዓመቷ ሞተች። ከእኔ ታንሳለች። የፊቷ ቀለም መለዋወጡን ራሷ ለዚችው ለፋኒ ጽፋ ስለነበር፣ ቀዶ ሐኪሙ ዛካሪ ኮፕ በ1964 አዲሰን ዲዚዝ ነው አለ፤ ሊምፎማ ነው ያሉም አሉ። ክርክሩን ለኢንተርኒስቶቹ ትቻለሁ። መጽሐፉን ወንድሟ ሄንሪ በዚያው ዓመት መጨረሻ አሳተመው።

በመጨረሻው ላይ ዌንትዎርዝ አንድ ነገር ያምናል። ከተለያዩ ከሁለት ዓመት በኋላ ጥቂት ገንዘብም መርከብም አግኝቶ ነበር፤ ያኔ ቢጽፍላት እሺ ትለው ነበር። ያስቀረው ኩራቱ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ዓመት ለቤተሰቡ የሚቆጠረው ሁለቱ ብቻ ነው። አንም፣ ምክሩ ልክ አልነበረም፣ እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አልመክረውም፣ መስማቴ ግን ልክ ነበር ትላለች።

እኔንም አክስቴ መክራኝ ነበር። ሰምቻለሁ። (ማን እንደነበረ ለመገመት አትልፉ፤ ባቻችን ውስጥ የለም።) ለዓመታት «አክስቴ ናት» ስል ኖሬያለሁ። ስልክ ቁጥሩ ግን እጄ ላይ ነበር። እሱም የእኔ ነበረው።

አምና የእህቴ ልጅ፣ ሩቅ ጤና ጣቢያ ስለተመደበ አንድ ልጅ ልታማክረኝ መጣች። «ስፔሻላይዝ እስኪያደርግ ይቆይ» አልኳት፤ በነጭ ጋውን፣ ስቴቶስኮፕ አንገቴ ላይ፣ የምርመራ ውጤት እንደማስረዳ ሆኜ። ደብዳቤዎቹን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ደወልኩላት፤ የነገርኩሽ የእኔን ፍርሃት ነው፣ የአንቺን ልብ አላውቀውም አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «አክስቴ፣ እኔ እኮ ያን ቀንም አልሰማሁሽም» አለች።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት በሪዩኒየኑ ማግስት ነው። ተቀባዮቹ ውስጥ አለሁበትና ከእራቱ ቀደም ብዬ ብወጣ አትቀየሙኝ።