ድምፁ የማን ነው? ስለ «ስቬንጋሊ» ሲኒማና ስለ አገራችን የዛር ታሪክ

ድምፅ ከሰው አንደበት ይወጣል እንጂ ሁልጊዜ የተናጋሪው የራሱ ነው ለማለት አይቻልም። ይህንኑ ጉዳይ ካሳዩት የቀድሞ ሲኒማዎች አንዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው «ስቬንጋሊ» ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ታሪኩ ጆርጅ ዱ ሞሪየ በ1894 ለንባብ ካበቃው «ትሪልቢ» ከተባለው ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የሙዚቃ መምህሩ ስቬንጋሊ፣ ትሪልቢ የምትባለውን ድኃ ወጣት በዓይኑ አፍዝዞ ታላቅ ዘፋኝ ያደርጋታል። እሱ ሲሞት ግን ድምፅዋ ይጠፋል፤ እርስዋም ትሞታለች። ደራሲው ስቬንጋሊን ይሁዲ አድርጎ በአስቀያሚ መልክ መሣሉ የዘመኑን የዘር ጥላቻ የሚያሳይ ጉድለት ነው።

እንዲህ ያለ ኃይል በእውነት አለን? በ1784 የፈረንሳይ ንጉሥ ያቋቋመው ጉባኤ፣ ፍራንክሊንና ላቯዚዬ ያሉበት፣ መስመር የተባለው ሐኪም ያስተምረው የነበረውን ስውር ኃይል መርምሮ ሥራው ሁሉ ከሰው ምናብ የመጣ መሆኑን ገለጠ። በ1843 ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጄምስ ብሬይድ ስለ ሂፕኖቲዝም መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬም ሐኪሞች ሕመምን ለማስታገሥ ይጠቀሙበታል፤ መዝፈን የማትችለውን ሴት ዘፋኝ ማድረግ ግን አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ተመሳሳይ ነገር በዛር እናገኛለን። ዛር የሠፈረባት ሴት የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች። ከበሮ ሲመታ፣ እጣን ሲጤስ፣ ታጓራለች፤ ትፎክራለች፤ በዛሩም ስም ትናገራለች። በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ሆኖ ጎንደር ላይ መልካም አየሁ የተባሉትን ባለ ዛር ቤት ተመላልሶ ያየውን መዘገበ። በ1958 ባሳተመው መጽሐፍም ነገሩን ከቴአትር ጋር አነጻጽሮ፣ ፍጹም ማታለልም ፍጹም ራስን መሳትም እንዳልሆነ አስረዳ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሳይመን መሲንግ ዛር በማኅበር የሚደረግ ሕክምና መሆኑን፣ ችላ የተባለች ሚስትም በዛሩ አማካይነት ከባልዋ ልብስና ስጦታ እንደምታገኝ ጻፈ።

እንግዲህ ልዩነቱን እናስተውል። ትሪልቢ ለጌታዋ ስትል የራስዋን ድምፅ አጣች። በቤትዋ «ዝም በይ» የተባለችው ሴት ግን በዛሩ ስም ድምፅ አገኘች፤ በራስዋ አፍ ብትለው የማይሰማት ባል፣ ዛሩ ሲለው ይሰማል። ይሁን እንጂ ሁለቱም «እኔ» ለማለት አልቻሉም። ዛሩም ዋጋ አለው፤ ግብሩ በየጊዜው ይከፈላል፤ ፈረሲቱም ከባለ ዛርዋ ደጅ አትርቅም።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ በደሴ መንገድ በሚገኘው ሸዋ ሮቢት፣ በይፋትም ቆላ፣ ዐማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የዛር እምነት በሁለቱም ሃይማኖት ተከታዮች ዘንድ ይታወቃል፤ የሃይማኖት አባቶችም ሲያወግዙት ኖረዋል። ነገር ግን ውግዘት ብቻውን አይበቃም። ባለ ዛር ቤት የምትሄደውን ሴት ከመንቀፋችን በፊት፣ በገዛ ቤትዋ የሚሰማት ሰው አለን ብለን እንጠይቅ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች ሆይ! የትምህርት ቤት ጥቅሙ ከመምህር አፍ የሰማነውን መልሰን መድገም ብቻ አይደለም፤ መምህሩ በሌለበትም የራሳችን ድምፅ እንዲኖረን ነው። ወላጆችም ሴት ልጃቸው በራስዋ ስም ስትናገር ቢያደምጡዋት፣ የሚናገርላት ዛር አያስፈልጋትም።