ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትና የወገዳ አካባቢ የዕውቀት ሀብት

ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የጽሑፍ፣ የምስልና የድምፅ ሰነዶችን በኮምፒዩተር አደራጅቶ በኢንተርኔት አማካይነት ለተጠቃሚው የሚያቀርብ የአገልግሎት ዘርፍ ነው።

በደቡብ ጎንደር የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በሁለት ዓይነት የዕውቀት ሀብት ይታወቃሉ። አንደኛው የአብያተ ክርስቲያናቱ የብራና መጻሕፍትና የዜማ ትምህርት ሲሆን፣ የቤተልሔም የድጓ እንዲሁም የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ጉባኤያት ተጠቃሽ ናቸው። ሁለተኛው በምግብ ዋስትና፣ በአፈር መሸርሸርና በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ የተካሄዱ ዘመናዊ ጥናቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ጥናቱ ከወገዳ ርቆ በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያ ላይ ከቀረ፣ የወረዳው ባለሙያ ቀደም ሲል የተጠናውን ሳያይ ዕቅድ ለማውጣት ይገደዳል።

በአገሪቱ ለዚህ ሥራ መሠረት የጣለው እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው። በፕሮጀክቱ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። ዋናዎቹ መጻሕፍት በባለቤቶቻቸው እጅ ሲቆዩ፣ የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ዝርዝር መዝገብ ፊልሙን ለተመራማሪዎች የሚፈለግና የሚገኝ አድርጎታል። ቤተ መጻሕፍቱ የኢንተርኔት ንባብ አገልግሎት ጀምሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የድኅረ ምረቃ ጥናቶችን በራሱ ዲጂታል ክምችት ያቀርባል።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በነጻ የሚገኘው ዲስፔስ የተሰኘ ሶፍትዌር በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አገልግሎት ላይ ውሏል። ሆኖም ሰነዱን ስካን ማድረግ ብቻውን በቂ አይደለም። ርእሱ፣ አዘጋጁ፣ ዘመኑ፣ ቋንቋውና የባለቤትነት መብቱ መመዝገብ አለበት። በተለይም የቦታ ስም ትኩረት ይሻል። ስማዳና እስቴ በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ስለሚጻፉ፣ ሁሉም አጻጻፎች ከወረዳው ስም ጋር ካልተመዘገቡ ስለአካባቢው የተጻፈው ጥናት በፍለጋ ላይገኝ ይችላል።

በኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት መዛግብትን መጠበቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኃላፊነት ጭምር ነው። በመሆኑም ጥናት እንዲካሄድ የሚፈቅድ ጽሕፈት ቤት የመጨረሻው ጽሑፍ አንድ ቅጂ እንዲመለስለት አስቀድሞ መስማማት ይችላል። የኢንተርኔት ግንኙነት በሚቋረጥበት አካባቢ ደግሞ የሰነዶቹን ቅጂ በወረዳው ኮምፒዩተር ላይ ማኖር፣ በአካባቢው ላይ የተሠራው ጥናት ለአካባቢው እንዲደርስ ያስችላል።