ጠብመንጃ የቀደመው ፎቶግራፍ

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



በዚህ ዘመን ፎቶግራፍ ያልተነሣ ታላቅ እንስሳ በምድር ላይ የቀረ አይመስለንም። የአንበሳውም የዝሆኑም መልክ በመጽሐፍና በጋዜጣ፥ በሲኒማም ዘወትር ይታያል። ዳሩ ግን ቆዳውና አጥንቱ በብዙ ቤተ መዘክር ተቀምጦ፥ ታሪኩም በመንግሥት መዝገብ ሰፍሮ ሳለ፥ በተወለደበት ዱር በሕይወት ሲመላለስ የሚያሳይ አንድ እንኳ የታመነ ፎቶግራፍ ያልተገኘለት እንስሳ አለ። ይኸውም የታስማኒያ ነብር የሚባለው ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ የዚህን እንስሳ ታሪክ ሲሆን፥ ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ታስማኒያ ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ የምትገኝ ደሴት ናት። በዚያ አገር ከሚኖሩት ነባር አጥቢ እንስሳት ብዙዎቹ፥ እንደ ካንጋሮ፥ ልጆቻቸውን ገና ሳይጠነክሩ ወልደው በሆዳቸው ባለው ኪስ ውስጥ የሚያሳድጉ ናቸው። የታስማኒያ ነብርም ስሙ ነብር ይባል እንጂ ወገኑ ከነዚሁ ከባለ ኪሶቹ ነበር። ቁመናው ውሻን ይመስላል፤ ጅራቱ ደንዳና፥ መንጋጋውም እጅግ የሚከፈት ነው። ጀርባው እስከ ጅራቱ ሥር ድረስ በጥቁር ሰረዝ የተሸለመ ስለ ነበረ፥ ሰፋሪዎቹ ሰረዝ ያለበትን የእስያውን ነብር ስም አወጡለት።

እንግሊዞች በደሴቲቱ መስፈር የጀመሩት በ1803 ነው። በኋላም የበግ እርባታ እየተስፋፋ ሄደ። በጎች በሞቱና በጠፉ ቍጥር፥ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚያደርሱት ጥፋትና የጠባቂዎች ቸልተኝነት እያለ፥ በደሉ በአመዛኙ በዚህ እንስሳ ላይ ተጫነ። ከ1888 እስከ 1909 ድረስ የታስማኒያ መንግሥት ለተገደለ አንድ አዋቂ 1 ፓውንድ፥ ለአንድ ግልገል 10 ሽልንግ ይከፍል ነበር። በእነዚያ ዓመታት የተከፈለው የግዳይ ሽልማት ቍጥር 2,184 መሆኑ በመዝገብ ይገኛል። ሽልማት ሳይጠየቅባቸው የተገደሉት በዚህ ቍጥር ውስጥ አይገቡም።

ያን ጊዜ ፎቶግራፍ አልነበረምን? ነበረ። ጥበቡ ለዓለም ከተገለጠ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ነገር ግን የዚያ ዘመን የፎቶግራፍ መሣሪያ ከባድ ነው፤ በሦስት እግር ላይ ይቆማል፤ ሥዕሉም የሚቀረጸው በመስተዋት ላይ ነው። ይህ ሁሉ በቂ ብርሃንንና የማይነቃነቅ ነገርን ይፈልጋል። የታስማኒያ ነብር ግን የሚወጣው በአመሻሹና በሌሊት፥ የሚሸሸገውም በጥቅጥቅ ደን ነው። ጠብመንጃና ወጥመድ ይህን ሁሉ አያስፈልጋቸውምና ቀድመው ደረሱ። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ያገኘው ሁለት ዓይነቱን ብቻ ነው፤ በለንደን፥ በዋሽንግተንና በሆባርት የአራዊት ግቢዎች በአጥር የተከለለውን፥ አለዚያም ከገዳዩ ጎን የተዘረጋውን ሬሳ።

በ1921 ሄንሪ በረል ያነሡት፥ ዶሮ በአፉ የያዘ የታስማኒያ ነብር ፎቶግራፍ በሰፊው ታተመ። ያየው ሰው ሁሉ ሌባው እጅ ከፍንጅ እንደ ተያዘ አድርጎ ቈጠረው። የታተመው ሥዕል ግን ዳርና ዳሩ የተቈረጠ ነበር፤ ሙሉው ሲመረመር አጥርና መጠለያ ይታይበታል። እንዲያውም አንዲት ተመራማሪ፥ እንስሳው ሕይወት የሌለው፥ ቆዳው ተሞልቶ የቆመ ነው ወደሚል አሳብ ደርሰዋል። እንግዲህ ፎቶግራፍም እንደ ሰው ምስክር ነው፤ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን የደበቀውንም መጠየቅ ያሻል።

በዲሴምበር 1933 ዴቪድ ፍሌይ የተባሉ የእንስሳት ሊቅ በሆባርት ከተማ ወደሚገኘው የቦማሪስ የአራዊት ግቢ ሄደው፥ አንዱን የታስማኒያ ነብር በሲኒማ ለመቅረጽ ከአጥሩ ውስጥ ገቡ። ራሳቸውን በጥቍር ጨርቅ ሸፍነው በመሣሪያው ሲመለከቱም እንስሳው በኋላቸው መጥቶ መቀመጫቸውን ነከሳቸው። የተገኘው ሲኒማ ርዝመቱ ከአንድ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ ድምፅም የለውም። እንስሳው በአጥሩ ዙሪያ ሲንጐራደድ፥ አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ፥ ሲተኛም ያሳያል። ዓለም ስለ አካሄዱና ስለ እንቅስቃሴው ዛሬ ከሚያውቀው ጥቂት የማይባለው ከዚህች አጭር ሲኒማ የተገኘ ነው።

የታስማኒያ ነብር ሙሉ በሙሉ እንዳይገደል የሚከለክለው ሕግ የወጣው ሐምሌ ወር ውስጥ፥ በጁላይ 10 ቀን 1936 ነበር። ከዚያ በኋላ በ59ኛው ቀን፥ በሴፕቴምበር 7 ቀን 1936፥ የመጨረሻው በቦማሪስ ግቢ ሞተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የመጨረሻዋ እንስሳ አሮጊት ሴት ስትሆን፥ የተያዘችው በተከለከለ ወጥመድ ስለ ነበረ ግቢው ወሬዋን አላሰማም። ሬሳዋ ወደ ታስማኒያ ቤተ መዘክር ቢላክም በዕቃ መዝገብ በወጉ አልሰፈረም። ስለዚህ ሊቃውንት ለብዙ ዓሥር ዓመታት ፈልገው አጧት። ቆዳዋ ግን ለተማሪዎች ማስተማሪያ ሆኖ ከቦታ ቦታ ሲዞር ኖሯል። በ2022 ማንነቷ የታወቀው፥ ቆዳ አሰናጂው ስለ ሠራው ሥራ ያቀረበው የቆየ ሪፖርት በመገኘቱ ነው። መዝገብ ያጠፋውን ወረቀት መለሰው።

ከሞቷም በኋላ ፍለጋው አልተቋረጠም። ኤሪክ ጋይለርን የመሰሉ የእንስሳት ሊቃውንት፥ እንስሳ ሲያልፍ በራሱ ፎቶግራፍ የሚያነሣ መሣሪያ በጫካው ውስጥ ተከሉ። ሌሎች አራዊት በመሣሪያው ፊት አለፉ፤ የተፈለገው ግን አልመጣም። በ1982 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፥ በ1986 ደግሞ የታስማኒያ መንግሥት፥ ዘሩ መጥፋቱን አስታወቁ።

እንዲህ ሲባል ግን ፎቶግራፍ ሁልጊዜ ዘግይቷል ማለት አይደለም። ከአውስትራልያ በስተ ሰሜን ባለችው በኒው ጊኒ ደሴት፥ በዎንዲዎይ ተራራ ላይ፥ በዛፍ ላይ የሚኖር ካንጋሮ አለ። በ1928 ኤርንስት ማየር የተባሉ ሊቅ አንዱን አግኝተው ወደ አውሮጳ ላኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ የሳይንስ ሰው አላየውም፤ ጠፍቷል እስከ መባልም ደረሰ። በ2018 ማይክል ስሚዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ከአገሩ አዳኞች ጋር ሆነው፥ በቀርከሃ የተጠላለፈውን ደን እየጣሱ ከ1,500 ሜትር ከፍታ በላይ ወጡ። በዛፎቹ ግንድ ላይ የጥፍር ጭረት አዩ፤ ባለቤቱን ግን አጡት። ተስፋ ቈርጠው ሲወርዱ ከአዳኞቹ አንዱ ቀና ብሎ አየ፤ ካንጋሮውም 30 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ዛፍ ላይ ነበረ። መሣሪያው ሥዕሉን ቀረጸ፤ እንስሳውም በዛፉ ላይ ቀረ። በ1928 መኖሩን ለማስረዳት መገደል ነበረበት፤ በ2018 ግን በሕይወት እንዳለ ተመሰከረለት።

አውስትራልያውያን ከ1996 ጀምሮ ሴፕቴምበር 7 ቀንን ሊጠፉ ለተቃረቡ ፍጥረታት መታሰቢያ አድርገውታል። የታስማኒያ መዝገብ ስለ ነብሩ የያዘው ቍጥር ዛሬም አልጠፋም፤ 2,184 ክፍያ ይላል። ከሒሳቡ ጐን፥ እንስሳው በጫካው ውስጥ በነጻነት ሲሄድ የሚታይበት አንዲት ሥዕል ብትኖር ኖሮ፥ የተከፈለበት ነገር ምን እንደ ነበረ ባወቅን ነበር።