የሆሴ ሪዛል ልጅነትና የመጀመሪያ ትምህርት

ሆሴ ሪዛል (1861–1896) የፊሊፒንስ ብሔራዊ ጀግና፣ የዓይን ሐኪምና ደራሲ ነው። «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» እና «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» በተባሉት ልብ ወለዶቹ የስፔንን ቅኝ አገዛዝ ያጋለጠ ሲሆን፣ በአመፅ ተወንጅሎ በ35 ዓመቱ ማኒላ ውስጥ በጥይት ተገደለ። ይህ መጣጥፍ ከልደቱ እስከ 1877 ያለውን ዘመን ይመለከታል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱና እናቱ

ሪዛል ጁን 19 ቀን 1861 ከማኒላ በስተደቡብ፣ በሐይቅ ዳር በምትገኘው የካላምባ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ካፈሯቸው አሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። አባቱ ፍራንሲስኮ መርካዶ የዶሚኒካን መነኮሳት ርስት ከሆነው መሬት ተከራይተው ሩዝና ሸንኮራ አገዳ የሚያለሙ ታታሪ ገበሬ ነበሩ። ቤተሰቡ የተመቸው ቢሆንም የሚያርሰው መሬት የራሱ አልነበረም፤ ይህ ጉዳይ ኋላ ብዙ መዘዝ አምጥቷል።

ፊደል ያስቆጠሩት እናቱ ቴኦዶራ አሎንሶ ናቸው። ማኒላ በሚገኘው የሳንታ ሮሳ ኮሌጅ የተማሩ፣ መጻሕፍት ወዳጅ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ለአንዲት ፊሊፒናዊት እንዲህ ያለ ትምህርት ብርቅ ነበር። ሪዛል በሦስት ዓመቱ ፊደል መለየት የጀመረው በእርሳቸው ጉልበት ሥር ሆኖ ነው። ስለ ልጅነቱ ሲጽፍ ሰፋ አድርጎ ከተረካቸው ምሽቶች አንዱም ከእናቱ ጋር ያሳለፈው ነው። እናቱ የስፔንኛ መጽሐፍ ሲያስነብቡት ልጁ አላስተዋለም፤ ዓይኑ በመብራቱ ዙሪያ የሚበሩትን ነፍሳት ይከተል ነበር። እናቱም የእናቷን ምክር ንቃ ወደ ነበልባሉ ቀርባ ስለተቃጠለች አንዲት ነፍሳት የሚተርከውን ታሪክ ወደ ታጋሎግ እየመለሱ አነበቡለት። በአማርኛ «የእሳት እራት» የምንላት ናት፤ ስሟ ብቻውን ታሪኩን ይነግረናል። ተረቱ ልጁን ታዛዥነት እንዲያስተምር የታሰበ ነበር። ሪዛል ግን ብርሃኑ ይበልጥ እንዳማረውና በነፍሳቱ እንደቀና ጽፏል። ለእኔ ከልጅነቱ ታሪኮች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ ምክንያቱም የሰማውን ትምህርት በራሱ መንገድ የሚተረጉም ልጅ ያሳየናል።

በስምንት ዓመቱ «ሳ አኪንግ ማንጋ ካባታ» የተሰኘውን የአገር ቋንቋን የሚያወድስ ግጥም ጽፏል እየተባለ የፊሊፒንስ ተማሪዎች ለብዙ ዘመን በቃላቸው ሲያጠኑት ኖረዋል። ዛሬ ብዙ የታሪክ ምሁራን ይህን ይጠራጠራሉ። በእጁ የተጻፈ ቅጂ አልተገኘም፤ ግጥሙም የታተመው ከሞተ አሥር ዓመት በኋላ፣ በ1906 ነው። ነፃነትን የሚገልጸው «ካላያን» የሚለው ቃል በግጥሙ ውስጥ አለ፤ ሪዛል ግን ቃሉን የማያውቀው እንደነበረና ያገኘው ካደገ በኋላ በሌላ ሰው ትርጉም ውስጥ መሆኑን ለወንድሙ ጽፏል። ስለዚህ ግጥሙን የስምንት ዓመት ልጅ ሥራ አድርጎ መቀበል ይከብዳል።

ቢኛን

በ1869 ታላቅ ወንድሙ ፓሲያኖ በጋሪ አሳፍሮ አባታቸው ወደተወለዱባት ወደ ቢኛን ወሰደው። እዚያ አክስቱ ቤት አርፎ፣ ሁስቲኒያኖ አኪኖ ክሩዝ በተባሉ መምህር ዘንድ ስፔንኛና ላቲን ተማረ። ትምህርት ቤቱ የመምህሩ መኖሪያ የነበረ ቅጠል የለበሰ ጎጆ ነበር። መምህሩ ሰዋስውን በቃላቸው የሸመደዱ፣ ዱላ የማያስቀምጡ ሰው ነበሩ። ሪዛል በትምህርቱ እኩዮቹን ቢበልጥም መዳፉን ሳይመታ የዋለበት ቀን ጥቂት እንደነበር ያስታውሳል። ትርፍ ሰዓቱን የመምህሩ አማት በሆኑት አዛውንት ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል እየተማረ ያሳልፍ ነበር። ዲሴምበር 17 ቀን 1870 «ታሊም» በተባለች የእንፋሎት ጀልባ ተሳፍሮ ወደ ካላምባ ተመለሰ።

1872

ይህ ዓመት ብቻውን ከብዙ ዓመት ትምህርት የከበደ ነው። ጃንዋሪ ውስጥ በካቪቴ የተነሳውን የወታደሮች አመፅ ሰበብ በማድረግ የስፔን አገዛዝ ማሪያኖ ጎሜስ፣ ሆሴ ቡርጎስና ሃሲንቶ ሳሞራ የተባሉትን ሦስት ካህናት ፌብሩዋሪ 17 ቀን በአደባባይ አንቆ ገደላቸው። ካህናቱ ለአገሬው ቀሳውስት መብት የሚሟገቱ ነበሩ። ፓሲያኖ የአባ ቡርጎስ ደቀ መዝሙርና በቤታቸው የኖረ ስለነበር ሐዘኑ በቀጥታ ካላምባ ቤት ገባ። ሪዛል በ1891 ያሳተመውን ሁለተኛ ልብ ወለዱን መታሰቢያነት ለሦስቱ ካህናት ሰጥቷል።

በዚያው ወቅት እናቱ ታሰሩ። ከወንድማቸው ጋር ተባብረው የወንድማቸውን ሚስት ሊመርዙ ሞክረዋል ተብለው ተወነጀሉ። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እስካለው የአውራጃው ዋና ከተማ እስከ ሳንታ ክሩዝ በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ፤ ነፃ የወጡትም ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ፊደል ያስቆጠሩት እናት እስር ቤት ሳሉ ልጁ ማኒላ ውስጥ ትምህርቱን ሊቀጥል ነበር።

አቴኔዮ

ጁን 1872 ሪዛል በኢየሱሳውያን ካህናት ወደሚመራው አቴኔዮ ሙኒሲፓል ሄደ። መዝጋቢው ካህን ዘግይቶ መምጣቱንና የሰውነቱን መኮስመን አይተው ሊቀበሉት አልፈለጉም ነበር፤ የገባው የአባ ቡርጎስ ዘመድ አማልዶለት ነው። ዛሬ የምናውቀውን ስሙን የያዘውም በዚህ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ መርካዶ በሚለው ስም ይታወቅ ነበር፤ የፓሲያኖ ከቡርጎስ ጋር መቀራረብ በታናሹ ላይ ጥርጣሬ እንዳይስብ ሲባል ሪዛል በሚለው ሁለተኛ ስም ተመዘገበ። እርሱ ራሱ ኋላ ሲጽፍ በዚህ ስም ምክንያት ከቤተሰቡ ውጭ የተወለደ ልጅ እንደመሰለ ተናግሯል።

የአቴኔዮ ክፍሎች «ሮማውያን» እና «ካርቴጃውያን» በተባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው ይፎካከሩ ነበር። አንደኛ የወጣው «ንጉሠ ነገሥት» ይባላል፤ ከበታቹ ያለ ተማሪ ሦስት ጊዜ ስሕተት ካገኘበት ግን ቦታውን ይነጥቀዋል። አዲስ ገቢው ሪዛል ከሁሉ በታች ተቀምጦ በአንድ ወር ውስጥ ከላይ ደረሰ። ስፔንኛው ደካማ ስለነበር በእኩለ ቀን ዕረፍቱ በሳንታ ኢሳቤል ኮሌጅ ሦስት ፔሶ እየከፈለ ተጨማሪ ትምህርት ይከታተል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ ላይ ግን የአንድ መምህር ቃል ቅር አሰኝቶት ውጤቱ ቀንሷል። ከመምህራኑ ሁሉ አብልጦ የሚያመሰግነው አባ ፍራንሲስኮ ዴ ፓውላ ሳንቼስን ነው፤ ግጥም እንዲጽፍ ያበረታቱት እርሳቸው ነበሩ። ከንባቡ መካከል የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶ መስፍን» ልቡን ነክቶታል፤ እናቱ በሐሰት ክስ ለታሰሩበት ልጅ በግፍ የታሰረ ሰው ታሪክ ቅርብ ነበር።

ማርች 23 ቀን 1877 በከፍተኛ ማዕረግ የባችለር ዲግሪ ተቀበለ፤ ዕድሜው ገና 16 አልሞላም። አባቱና ፓሲያኖ ወደ ሳንቶ ቶማስ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ፈለጉ። የተቃወሙት እናቱ ነበሩ። የእነ ቡርጎስን ፍጻሜ አይተዋልና፣ ልጃቸው ከዚህ በላይ ከተማረ አንገቱን እንደሚያጣ ሰግተው እንዲበቃው ተናገሩ። ሪዛል በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት የእናቱ ዓይን እየደከመ በመምጣቱ ሕክምና ማጥናት ጀመረ።