ያልተመዘገበው ብስክሌት በእርግጥ ተሠርቶ ነበርን?

በመሥሪያ ቤት ዘወትር ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ ይህ መሆኑን ታውቃላችሁ። ባለጉዳዩ «ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ» ይላል፤ የመዝገብ ቤቱ ሹም ደግሞ «በመዝገቤ የለም» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ በመዝገብ ያልተገኘ ነገር ሁሉ አልተደረገም ማለት ነውን? በጽሑፍ የተገኘስ ሁሉ በእርግጥ ተደርጓል ማለት ነውን? ዛሬ ይህን ጥያቄ በሁለት ብስክሌቶች ታሪክ እንመረምረዋለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ አገር ከሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በስተ ሰሜን ማሪን የሚባል ተራራማ አውራጃ አለ። በ1970ዎቹ ዓመታት የዚህ አውራጃ ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩትን፥ ጎማቸው ወፍራም ክብደታቸውም ብዙ የሆነውን አሮጌ ብስክሌቶች እየፈለጉ በርካሽ ይገዙና ከተራራ ቁልቁል ይነዷቸው ነበር። በ1976 «ሪፓክ» የተባለ እሽቅድምድም አቋቋሙ። ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዘው ፍሬን በቁልቁለቱ እጅግ ስለሚግል በውስጡ ያለው ግራሶ እየጨሰ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ከውድድር በኋላ ፍሬኑን ፈትቶ ግራሶውን እንደ ገና መሙላት ግድ ሆነ፤ የእሽቅድምድሙም ስም ከዚሁ የመጣ ነው።

ወጣቶቹ እነዚህን ብስክሌቶች በቀልድ «ክላንከር» ይሏቸው ነበር፤ የሚንቋቋ አሮጌ ዕቃ እንደ ማለት ነው። ከሁሉ አብልጠው የሚሹት በ1895 በቺካጎ ከተማ የተቋቋመው የሽዊን ኩባንያ የሠራውን «ኤክሴልሲዮር» የተባለውን ዓይነት ነበር። ከወጣቶቹ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለተራራ ብቻ የታሰበ አዲስ ብስክሌት በእጁ ሠራ፤ እስከ 1978ም ዓመት ቍጥራቸውን ዐሥር አደረሰ።

በዚሁ በ1978 ትልቁ የሽዊን ኩባንያ ራሱ «ክላንከር ፋይቭ» የተባለ፥ አምስት ማርሽ ያለው ብስክሌት ለገበያ አወጣ። ነገር ግን ብዙ ማስታወቂያ አላደረገለትም፤ በሚያሳትመው የዕቃ ካታሎግ ውስጥም ስሙን እንኳ አላገባውም። ብስክሌቱም የተሠራው ለከተማ መንገድ በሚያገለግል ተራ ፍሬም ላይ ስለ ነበረ የተራራውን ድብደባ ሊችል አልቻለም። ኩባንያው ስሙን ለውጦ «ስፒትፋየር ፋይቭ» በሚል እንደ ገና ሊሸጠው ቢሞክርም አልሰመረለትም፤ ሥራውም ቀረ።

እንግዲህ ካታሎጉን ብቻ ገልጦ የሚፈርድ ሰው «ክላንከር ፋይቭ የሚባል ብስክሌት ፈጽሞ አልተሠራም» ብሎ በሙሉ ልብ ይናገራል፤ ፍርዱም ስሕተት ይሆናል። ታዲያ እውነቱ በምን ይገኛል? አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዳሉት ወደ ዕቃው ራሱ በመሄድ ነው። ኩባንያው በፍሬሙ ላይ ይቀርጸው የነበረው ቍጥር ፊደሎች አሉበት፤ እነርሱም ቍጥሩ የተቀረጸበትን ወርና ዓመት ያመለክታሉ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ በቺካጎ በተገጣጠሙት ላይ፥ ከመሪው በታች ባለው የኩባንያው ምልክት፥ አራት አኀዝ ይታተም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኀዞች ብስክሌቱ የተገጣጠመበትን ዕለት ከዓመቱ መባቻ ቈጥረው ሲናገሩ፥ አራተኛው የዓመቱን የመጨረሻ አኀዝ ይናገራል። ለምሳሌ 1328 የሚል ቢገኝ 132ኛው ቀን፥ ማለት በ8 በሚያልቅ ዓመት ሜይ 12 ቀን ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ምስክር ብቻውን አይበቃም። ቍጥሩ የሚናገረው ጊዜውን እንጂ የብስክሌቱን ስም አይደለም። ተራውን ፍሬም ገዝቶ ማርሽና ወፍራም ጎማ ገጥሞ፥ ስሙንም ለጥፎ ማቅረብ ለብልጥ ነጋዴ አያቅተውም። ስለዚህ መርማሪው የፍሬሙን ቍጥር ከምልክቱ አኀዝ ጋር፥ ማርሹንና ሌላውን ዕቃ ከዘመኑ ጋር፥ ይህንም ሁሉ በዚያው ጊዜ ከተጻፈ የሻጭ ደረሰኝና ከታተመ ጋዜጣ ጋር ያስተያያል። ምስክሮቹ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲናገሩ ነገሩ ይጸናል። ደግሞም መዝገብ የሚጠፋ ነገር ነው። ከ1948 በፊት የነበሩት የሽዊን የቍጥር መዝገቦች በእሳት ተቃጥለዋል፤ ነገር ግን መዝገቡ ስለ ተቃጠለ አሮጌዎቹ ብስክሌቶች አልነበሩም የሚል የለም።

አሁን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ተመልከቱ። በ1891 ሉዊ ቦድሪ ደ ሶኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ የብስክሌትን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመ። በዚህም መጽሐፍ ሲቭራክ የተባለ አንድ ፈረንሳዊ መኰንን በ1790 «ሴሌሪፌር» የሚባል፥ መሪ የሌለው ባለ ሁለት እግር የእንጨት መንኰራኵር እንደ ፈጠረ ጻፈ። በ1870 በተነሣው ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመኖች ተሸንፋ ነበርና ቍጭቱ ገና አልበረደም፤ ብስክሌት የፈረንሳይ ልጅ ነው የሚለውን ወሬ ሰሚው ሁሉ በደስታ ተቀበለው። ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ እየተገለበጠም ለብዙ ዓመታት እንደ እውነት ኖረ።

በ1976 ግን ዣክ ሴሬ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ወደ ሥሩ ወርዶ መረመረው። የተገኘውም ሌላ ነበር። ዣን ሄንሪ ሲየቭራክ የተባለ ሰው በ1817 «ሴሌሪፌር» ለሚባል ነገር ፈቃድ ማውጣቱ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን በፈረስ የሚጐተት ባለ አራት እግር ሠረገላ ነበር። ባለ ሁለት እግሩ ከቶ አልተሠራም።

ይህ ሐሰት የጐዳው ሰው ነበር። ሁለቱን እግር በአንድ መሥመር አድርጎ፥ መሪ ገጥሞለት፥ ጁን 12 ቀን 1817 ከማንሃይም ከተማ ተነሥቶ የነዳው ጀርመናዊው ካርል ድራይስ ነው። ድራይስ በ1851 በድህነት ሞተ። መጽሐፉ በታተመ ጊዜ ከሞተ አርባ ዓመት ሆኖት ነበርና ተነሥቶ ሊከራከር አልቻለም።

ስለዚህ፥ አንባቢዎች ሆይ፥ አንደኛው ብስክሌት ተሠርቶ ሳለ ካታሎግ ሳይጽፈው ቀረ፤ ሁለተኛው ሳይሠራ በመጽሐፍ ተጻፈ። ለሁለተኛው የዳኘው ወረቀት ሳይሆን ወረቀቱን ከሥሩ የመረመረ ሰው ነው። ነገ ከጠረጴዛችሁ ፊት የሚቆመው ባለጉዳይም መብቱ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ይሆናል። «በመዝገብ አልተገኘም» ማለት የፈለገ ሰው ሁሉ ሊናገረው የሚችል እውነት ነው፤ «አልተደረገም» ማለት ግን ሌሎቹን ምስክሮች ሁሉ ጠይቆ የጨረሰ ሰው ብቻ ሊፈርምበት የሚገባው ቃል ነው።