መጻሕፍት ለካምብሪጅ፥ ፈረሰኛ ለኦክስፎርድ

የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ጆርጅ በ1715 ዓ.ም. በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ወራት ለሁለቱ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ላኩ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ለካምብሪጅ የላኩት ሠላሳ ሺሕ ያህል መጻሕፍት ሲሆን፥ ለኦክስፎርድ የላኩት ግን ድራጉን የሚባሉ ፈረሰኛ ወታደሮችን ነበር። ይህ ነገር በተሰማ ጊዜ አንድ የኦክስፎርድ ሰው ጥቂት ስንኝ ያላት አጭር የቧልት ግጥም ጻፈ፤ አንድ የካምብሪጅ ሰውም በዚያችው ልክ መለሰለት። ሁለቱ ግጥሞች ተደምረው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚያው ዘመን ለነገሥታት ክብር ያሳተሟቸው ትልልቅ የውዳሴ መድበሎች ተረስተው ሲቀሩ፥ እነዚህ ሁለቱ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳሉ። እንዲህ ያለው ቀላል የሚመስል ግጥም ከየት እንደ መጣና ለጻፉት ሰዎች ምን እንዳተረፈላቸው፥ ምንስ እንዳጐደለባቸው መመልከት የሚያስደስት ነው።

አስቀድሞ የጠቡን ምንጭ ማወቅ ያስፈልጋል። ንግሥት አን በኦገስት 1 ቀን 1714 ዓ.ም. ወራሽ ልጅ ሳይተዉ ሞቱ። የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ የሆነውን የአባታቸውን ልጅ ሕጉ ከዙፋን ከልክሎት ስለ ነበር፥ ዘውዱ ከጀርመን አገር ከሐኖቨር ለመጡት ለጆርጅ ደረሰ። ዊግ የሚባለው ወገን በዚህ ደስ አለው። ቶሪ በሚባለው ወገን ውስጥ ግን በስደት ላይ የነበረውን የስቱዋርትን ቤት በልቡ የሚናፍቅ ሰው ብዙ ነበር፤ እነዚህንም ጃኮባይት ይሏቸዋል። በካምብሪጅም ቶሪ አልጠፋም፤ ቢሆንም የካምብሪጅ ስም ከዊግ ጋራ፥ የኦክስፎርድ ስም ደግሞ ከቶሪ ጋራ ተያይዞ ይነሣ ነበር። በሜይ 28 ቀን 1715 ዓ.ም. የአዲሱ ንጉሥ የልደት ቀን ሲከበር በኦክስፎርድ ከተማ ሁከት ተነሣና የፕሬስቢቴሪያኖች የጸሎት ቤት ተሰባበረ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር የኦርሞንድ መስፍን በአገር ክሕደት ተከሶ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። ዩኒቨርሲቲው በእርሱ ፈንታ ማንን መረጠ ቢባል፥ የገዛ ወንድሙን መረጠ። የለንደን ሹማምንት ይህን ምርጫ እንደ መልካም ምልክት ሊቈጥሩት አልቻሉም፤ ስለዚህ በኦክቶበር ወር ጀነራል ፔፐር ፈረሰኞቹን ይዞ ማልዶ ወደ ከተማይቱ ገባና የተጠረጠሩትን ጃኮባይቶች ያሥስ ጀመር።

የካምብሪጅ ዕድል ደግሞ ሌላ ነበር። የኢሊ ጳጳስ የነበሩት ጆን ሙር ዕድሜያቸውን በሙሉ መጽሐፍ ሲሰበስቡ ኖረው በ1714 ዓ.ም. ሞቱ። ከስብስቡም ውስጥ ቤዳ የተባለው መነኵሴ የጻፈው የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ይገኛል፤ ይኸውም በስምንተኛው መቶ ዓመት በብራና የተገለበጠ፥ ዋጋው የማይገመት መጽሐፍ ነው። ንጉሡ በሚኒስትራቸው በሎርድ ታውንሸንድ ምክር ስብስቡን በሙሉ በስድስት ሺሕ ጊኒ ገዝተው ለካምብሪጅ ሰጡ። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ አደገ።

የመጀመሪያዪቱን ግጥም የጻፈው ጆሴፍ ትራፕ ነው ይባላል። ትራፕ እንዲያው በመጠጥ ቤት ስንኝ የሚቋጥር ሰው አልነበረም፤ ሄንሪ ቢርክሄድ የተባለ ሰው በተናዘዘው ገንዘብ በኦክስፎርድ የቅኔ ፕሮፌሰርነት ወንበር በ1708 ዓ.ም. ሲቆም፥ በወንበሩ ላይ የተቀመጠው የመጀመሪያው መምህር እርሱ ነው። የግጥሚቱ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ ብልኁ ንጉሥ የሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች ጕድለት መርምረው ለእያንዳንዱ የጐደለውን ላኩ፤ አንደኛው ታማኝነት ስለ ጐደለው ወታደር፥ ሁለተኛው ዕውቀት ስለ ጐደለው መጽሐፍ ደረሰው። ግጥሚቱ ላይ ላዩን ስትታይ ንጉሡን የምታመሰግን፥ ወገኖቿንም የምትወቅስ ትመስላለች። ውስጧ ግን ካምብሪጅን ደንቈሮ ትላለች። ሰምና ወርቅ ለለመደ አንባቢ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ የሚያሻው አይደለም።

መልሱን የሰጠው ዊልያም ብራውን የተባለ በካምብሪጅ በፒተርሃውስ ኮሌጅ የተማረ ሰው ነው። ብራውን አዲስ ነገር አላመጣም፤ ያንኑ ወታደርና ያንኑ መጽሐፍ ወስዶ ገለበጣቸው። ወታደር ወደ ኦክስፎርድ የተላከው፥ የቶሪ ጆሮ ከጡንቻ በቀር ሌላ ምክንያት ስለማይሰማ ነው፤ ዊግን ለማሳመን ግን መጽሐፍ ይበቃል አለ። በኋለኛው ዘመን ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን፥ ራሱ የኦክስፎርድ ሰውና ቶሪ ሆኖ ዊግን ማመስገን የሚጠላ ሲሆን፥ ይህን መልስ ሳያዘጋጁ ከሚሰጡ መልሶች ሁሉ እጅግ ከተዋጣላቸው አንዱ ነው ብሎ እንደ መሰከረለት ወይዘሮ ፒዮዚ ጽፈዋል። እኔ በበኩሌ የትራፕን አስበልጣለሁ፤ ሰይፍ የታጠቀ ወታደር በደጁ ቆሞ ሳለ መቀለድ የቻለው እርሱ ነውና።

ይህ ልማድ በ1715 ዓ.ም. የተጀመረ አይደለም። በኦክስፎርድ በየጁላይ ወሩ አክት የሚባል የምረቃ በዓል ሲደረግ፥ በሊቃውንቱ ክርክር መካከል ተነሥቶ እንዲቀልድ በልማድ የተፈቀደለት አንድ ሰው ነበር። እርሱንም በላቲን ቋንቋ ቴሬ ፊሊየስ ይሉታል፤ ትርጓሜውም የመሬት ልጅ ማለት ነው። ይህ ሰው በላቲንና በእንግሊዝኛ እያቀላቀለ የኮሌጅ አለቆችን ስስትና ስካር፥ የመምህራኑንም ስንፍና በአደባባይ ይዘረዝር ነበር። በዓሉ አስቀድሞ ይደረግ የነበረው በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ቧልት ግን በቤተ ክርስቲያን ሊነገር ተገቢ አይደለም በመባሉ፥ ክሪስቶፈር ሬን የነደፈው ሼልዶንያን የሚባለው አዳራሽ በ1669 ዓ.ም. ተሠርቶ በዓሉ ወደዚያ ተዛወረ። ቀልደኛውን ከማስወገድ ይልቅ ቤት መሥራት ቀለላቸው ማለት ነው።

ካምብሪጅም የራሱ ቀልደኛ ነበረው። እርሱም ሦስት እግር ባለው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስለሚናገር ከበርጩማው የተነሣ ትራይፖስ ተባለ። በኋላም ንግግሩ ቀርቶ በወረቀት ታትመው የሚታደሉት የላቲን ግጥሞች ያንኑ ስም ወረሱ። ከ1740ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማዕረግ ያለፉት ተማሪዎች የስም ዝርዝር በነዚያ ግጥሞች ጀርባ ላይ ይታተም ስለ ነበር፥ ስሙ ወደ ዝርዝሩ፥ ከዝርዝሩም ወደ ፈተናው ተሻገረ። ዛሬ በካምብሪጅ የሚፈተን ተማሪ ሁሉ ትራይፖስ እፈተናለሁ ሲል፥ ሳያውቀው የቀልደኛን በርጩማ ስም ይጠራል።

ከዚህ ሌላ ደግሞ በትእዛዝ የሚጻፍ ግጥም ነበር። ንጉሥ ሲሞት፥ ንጉሥ ሲነግሥ፥ የጦር ድል ሲገኝ ወይም ሰላም ሲፈረም፥ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በላቲን፥ በግሪክና በዕብራይስጥ የተጻፉ ግጥሞችን ሰብስበው ያሳትማሉ። በ1714 ዓ.ም. ለንግሥት አን ልቅሶ፥ ለንጉሥ ጆርጅም የደስታ መግለጫ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ታተሙ፤ በልቡ ጃኮባይት የነበረው የኦክስፎርድ መምህር ሁሉ እንባውንና እልልታውን በአንድ ጥራዝ አሰፈረ። በመሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለው ጽሑፍ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያውቃልና ብዙ መናገር አያሻም። ነገር ግን ይኸው የትእዛዝ ሥራ እጅን የሚያፍታታ ትምህርት ነበር። በላቲን ስንኝ መቋጠርን ለውዳሴ የተማረ ወጣት፥ ማታ ቡና ቤት ሲገባ ለቧልት ይጠቀምበታል። በ1695 ዓ.ም. የማተሚያ ፈቃድ ሕግ ጊዜው አልፎበት ሳይታደስ ስለ ቀረ፥ ከዚያ ወዲህ ያለ ቅድመ ምርመራ ማሳተም ተቻለ፤ በቡና ቤት የተነበበው ግጥም ብዙ ሳይቆይ በለንደን በትንሽ ጥራዝ ታትሞ ይሸጥ ጀመር።

ከነዚህ ግጥሞች አንዳንዶቹ ያለ ክፋት የሚያስቁ ናቸው። የማግደለን ኮሌጁ ኤድዋርድ ሆልድስዎርዝ በ1709 ዓ.ም. ስለ አይጥ ወጥመድ አንድ የላቲን ግጥም አሳተመ። ቃሉ ስለ ጀግኖችና ስለ ጦርነት እንደ ተጻፈ ያለ ታላቅ ቃል ሲሆን፥ ነገሩ ግን የዌልስ ሰዎች አይብ በአይጥ ስለ መበላቱና ወጥመድን የፈለሰመው አንድ የዌልስ ሰው ስለ መሆኑ ነው። የዌልስ ተማሪዎች የሚበዙበት ጂሰስ ኮሌጅ በዚህ ተቈጣ፤ ከመካከላቸውም ቶማስ ሪቻርድስ የተባለው ሆልድስዎርዝ የተወለደበትን የሃምፕሽርን አውራጃ የዐሣማ አገር አድርጎ በላቲን ግጥም ሣለለት። ስድብን በስድብ፥ ላቲንን በላቲን መመለስ ነው፤ ማንም አልታሰረም፥ ማንም አልተባረረም።

የክራይስት ቸርች ኮሌጁ ጆን ፊሊፕስ ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ሽልንግ ስላጣ ሰው ጻፈ። ሽልንግ ማለት የፓውንድ ሃያኛ እጅ ነበር። ሚልተን ስለ ሰማይና ስለ ሲኦል የጻፈበትን ከባድ አነጋገር ወስዶ፥ ብርድና ጥም ስላሠቃዩት፥ ባለ ዕዳ ደጁን ሲያንኳኳበት ስለሚሸሸግና ሱሪው ስለ ተቀደደበት ድኻ ተናገረበት። በ1701 ዓ.ም. ሳያስፈቅዱት አሳተሙበት፤ በ1705 ዓ.ም. ራሱ አርሞ አወጣው። አዲሰን በእንግሊዝኛ ከተጻፉት የዚህ ዐይነት ግጥሞች ሁሉ ይኸን አስቀደመ። ፊሊፕስ በ1709 ዓ.ም. በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ይህ ግጥም የሚያሾፈው በማንም ላይ አይደለም፤ ብድር ወስዶ የተማረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው።

ዘመኑ በወገን ሲከፈል ግን የቀልዱ ጠባይ ተለወጠ። በ1713 ዓ.ም. በኦክስፎርድ አክት ሲከበር ምክትል ቻንስለሩ የመሬት ልጅ እንዳይናገር ከለከሉት፤ ንግግሩም ሳይነገር ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1733 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ ዓመት በዓሉ ራሱ በአደባባይ አልተከበረም። ሆልድስዎርዝም የአይጥ ወጥመዱ ሳይሆን መሐላው ጐዳው፤ በ1715 ዓ.ም. የኮሌጁ ቋሚ አባል ለመሆን ተራው ሲደርስ፥ ለጆርጅ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ መማል ስላልወደደ እንጀራውን ትቶ ወጣ፤ የባላባት ልጆችን እያስተማረ በኢጣልያ ሲዞር ኖረ። የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ጠባቂ ቶማስ ሄርንም በ1716 ዓ.ም. በዚሁ መሐላ ምክንያት ከሥራው ወጣ። ከዚያም እስከ ሞተበት እስከ 1735 ዓ.ም. ድረስ የኦክስፎርድን ወሬና ሐሜት በማስታወሻው ሲጽፍ ኖረ፤ ከዚያ ዘመን የምናውቀው ብዙው ነገር ከርሱ ማስታወሻ የተገኘ ነው።

በተቃራኒው ወገን የቆመው ኒኮላስ አምኸርስት ነው። ከለንደን መጥቶ በሴንት ጆንስ ኮሌጅ የገባ፥ በቶሪዎች መካከል ዊግ የሆነ ወጣት ነበር። በ1719 ዓ.ም. ኮሌጁ አባረረው። ኮሌጁ ስለ መጥፎ ጠባዩ ነው አለ፤ እርሱ ደግሞ ስለ ፖለቲካ አሳቤ ነው አለ። ሁለቱም እውነት ሳይናገሩ አልቀሩም ብዬ እገምታለሁ። በ1721 ዓ.ም. ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ ጋዜጣ አወጣ፤ ስሙንም አፉ በተዘጋው ቀልደኛ ስም ቴሬ ፊሊየስ አለው። በዚያም ውስጥ ተማሪዎች አንብበው የማያውቁትን ደንብ እንጠብቃለን ብለው እንደሚምሉ፥ የፈተናው ክርክር ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚወራረስ ተዘጋጅቶ ያደረ ጥያቄና መልስ እንደ ሆነ ገለጠ። ይህ ከቀልድ በላይ ነበር። በ1726 ዓ.ም. ጋዜጣው በሁለት ጥራዝ ሲታተም ሰዓሊው ሆጋርት የሼልዶንያንን አዳራሽ ከነሁካታው በፊቱ ገጽ ሣለለት።

ሆኖም አምኸርስትን ያለ ነቀፋ ማለፍ አይገባም። በ1718 ዓ.ም. ያወጣው አንድ ግጥም የኦክስፎርድ ተማሪዎች በጽዋ የሚያወድሷቸውን የከተማይቱን ቈነጃጅት ይዘልፋል። የኮሌጅ አለቃ ሲሰደብ ተሳዳቢውን ያባርራል፤ የነጋዴ ልጅ ስትሰደብ ግን በላቲን የምትመልስበት ኮሌጅ የላትም። ብልኀቱ አንድ ዐይነት ሲሆን፥ ለመጀመሪያው ድፍረት ያስፈልጋል፤ ለሁለተኛው ምንም አያስፈልግም። አምኸርስት ከ1726 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በለንደን ክራፍትስማን የሚባለውን ጋዜጣ እያዘጋጀ ሚኒስትሩን ዎልፖልን ሲታገል ኖረ። በ1742 ዓ.ም. ዎልፖል ሲወድቅ ታላላቆቹ ወዳጆቹ ሹመታቸውን ተካፍለው እርሱን ረሱት፤ በዚያው ዓመት በድኽነት ሞተ፤ የቀበረው አታሚው ነው።

ወደ ተነሣንበት እንመለስና፥ ካምብሪጅ የተቀበለው የንጉሥ ስጦታ መደርደሪያ የሚሆን ቦታ ስላልነበረው ለብዙ ዓመታት ተከምሮ ቈየ፤ ብዙም መጽሐፍ ተሰረቀ። በሚገባ የተደረደረው ከሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ትራፕ ይህን ሳይሰማ አይቀርም፤ የሞተው በ1747 ዓ.ም. ነውና። ብራውን ግን ሐኪም ሆኖ በለፀገ፤ ሰር ተብሎ በ1765 ዓ.ም. የለንደን የሐኪሞች ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1774 ዓ.ም. ሲሞት በካምብሪጅ በየዓመቱ ለሚወዳደሩ ተማሪዎች የወርቅ ሜዳልያ እንዲሰጥ ተናዘዘ፤ አንደኛው ለግሪክ መዝሙር፥ ሁለተኛው ለላቲን መዝሙር፥ ሦስተኛው ደግሞ ለአጭር የቧልት ግጥም ነው።