የጣት ላይ የደም ፍሰት ልኬት በዓይን ክሊኒክ፦ ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ለዓይን ሕክምና የሚቀርቡ ተገልጋዮች ጣታቸው ላይ የልብስ መቆንጠጫ የሚመስል አነስተኛ መሣሪያ ሊደረግላቸው ይችላል። መሣሪያው ፐልስ ኦክሲሜትር ይባላል። በተለይ በዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ወቅት የታካሚው ፊት በጨርቅ ስለሚሸፈን፣ ባለሙያዎች የልብ ምቱንና የደሙን የኦክስጅን መጠን የሚከታተሉት በዚሁ መሣሪያ ነው።

አሠራሩ
መሣሪያው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ እ.ኤ.አ. በ1974 ባስተዋወቀው መርሕ ይሠራል። ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፤ ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ብርሃኑን በተለያየ መጠን ስለሚመጥ የኦክስጅኑ መጠን በመቶኛ ይሰላል። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ወደ ጣት የሚደርሰውን የደም ፍሰት ጥንካሬም በአኃዝ ያሳያሉ።

ከልኬቱ በፊት
• የብዙ ፎቅ ደረጃ ወርዶ ከልደታ ኮንዶሚኒየም በእግሩ የመጣ ተገልጋይ ጥቂት ደቂቃ ማረፍና የቀዘቀዘ እጁን ማሞቅ ይኖርበታል።
• የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ ባልነካው ጣት መለካት ይመረጣል።
• እጁ በተደጋጋሚ የሚቀዘቅዝ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የደም ሥር መጥበብ ከአንዳንድ የግላኮማ ዓይነቶች ጋር ግንኙነት አለው።

የውጤቱ ትርጉም
በዝቅተኛ ቦታ የጤናማ ሰው ውጤት ከ95 እስከ 100 በመቶ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ በመጠኑ ዝቅ ሊል ይችላል። በአንጻሩ መሣሪያው በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ አኃዝ ሊያሳይ ይችላል። ስለሆነም ውጤቱን መተርጎም የባለሙያ ድርሻ ነው።

መሣሪያው የማያሳየው
ጥሩ ውጤት ዓይን ጤናማ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም። ልኬቱ የሬቲናን የደም ሥሮችም ሆነ የዓይንን ግፊት አይመለከትም። የስኳር ሕሙማን 97 በመቶ ቢያስመዘግቡም የሬቲና ጉዳት ሊኖርባቸው ስለሚችል በየዓመቱ መመርመር አለባቸው። ግላኮማም አብዛኛውን ጊዜ ያለ ሕመም ዕይታን ይቀንሳል።

አገልግሎቱን ለማግኘት
ነዋሪዎች በቅድሚያ በአቅራቢያቸው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ቀርበው፣ ካስፈለገ በሪፈራል ወረቀት የዓይን ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የሪፈራል ሥርዓቱን መከተልና መታወቂያቸውን መያዝ ይጠበቅባቸዋል። ዕይታው በድንገት የጠፋበት ሰው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ አለበት።